ሞፈር ከመሰቀሉ በፊት



በማደሪያችን ከእራት በኋላ የማይነሣ ክርክር የለም። ከሁሉ ይልቅ እየተመላለሰ የሚያመሸን ግን አንድ ነው፤ ይኸውም አዲስ ነገር ሲመጣ እንቀበለው ወይስ የያዝነውን አጥብቀን እንያዝ የሚለው ነው። አንዱ ወገን «አገራችን ወደ ኋላ የቀረችው አሮጌውን ሙጭጭ አድርጋ ስለ ያዘች ነው» ብሎ ጠረጴዛ ይመታል። ሌላው ወገን «ያባቶቻችንን ጥለን የሰው ስንከተል ከሁለት ያጣን ጎመን እንሆናለን» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥልና ሁለቱም ወገኖች እንዳሸነፉ ቈጥረው ይተኛሉ።

እኛ ሦስት ነን። ከአንድ ወረዳ፣ ከሰሜን ሸዋ ከሞረትና ጅሩ መጥተን፣ የእርሻ ትምህርት እየተማርን በአንድ ክፍል የምናድር ነን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው ለማዕርግ ብለን ሳይሆን በቍጥር ሦስት ስለ ሆንን ነው። በዚያ ክርክር ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል ከጠረጴዛ መቺዎቹ ጋራ ነበርን። ዛሬ ግን ከየትኛው ወገን ናችሁ ብሎ የሚጠይቀን ሰው ቢኖር ቶሎ መመለስ ያስቸግረናል። ያስቸገረንም መጽሐፍ አይደለም፤ ሦስት ጥማድ የጤፍ ማሳ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ ታሪኩን ከመነሻው እንናገር።

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ በደብተራችን ውስጥ የማረሻ ሥዕል ይዘን ነበር። ሥዕሉ ያባቶቻችን ማረሻ አልነበረም፤ አፈሩን ቈርጦ የሚገለብጠው የብረት ማረሻ ነበር። የአገራችን ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጠውም። በሁለት ትልም መካከልም ያልተነካ መሬት ይተዋል። ስለዚህ ገበሬው ገምሶ፣ አይሞ፣ ሠልሶ፣ ለጤፍ ሲሆንም ከዚያ በላይ አግድምና ሽቅብ መላልሶ ማረስ ይኖርበታል። ይህን ሁሉ አንብበን ስለ ነበር ከሦስታችን ያንደኛችን አባት ከእርሻ ሲመለሱ በር ላይ ቆመን ጠበቅናቸውና እንደ አስተማሪ ማስረዳት ጀመርን።

እሳቸውም ሞፈርና ቀንበሩን ከትከሻቸው ሳያወርዱ እስክንጨርስ ድረስ ሰሙን። ከዚያም «ደግ ነው፤ ክብደቱ ስንት ነው?» አሉ። አናውቅም ነበር። «ሲሰበርስ ማን ይጠግነዋል?» አሉ። ይህንንም አላሰብነውም። «በሬዎቼ ሣር ሳይጠግቡ፣ በሰኔ፣ ይስቡታል?» ብለው ሦስተኛውን ጠየቁ። ዝም አልን። «በሉ ልጆቼ ግቡ፣ እራት ቀርቧል» ብለው ሞፈሩን ከግድግዳው አስጠጉት።

በዚያ ማታ በጣም ተቈጥተን ነበር። ያልተማረ ሰው ጥያቄ ነው ብለን እርስ በርሳችን አጉረመረምን። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመለስም ለክርክር የሚሆን ማስረጃ ለመሰብሰብ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ያገኘነው ግን ለእኛ ሳይሆን ለእሳቸው የሚመሰክር ሆነ።

የብረት ማረሻ በአገራችን ዛሬ የተሞከረ አዲስ ነገር አይደለም። ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ልዩ ልዩ ድርጅቶችና የእርሻ ትምህርት ቤቶች እየደጋገሙ ሊያስገቡት ሞክረዋል። በ1960 ዓ.ም በአርሲ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም ከሞከሩት አንዱ ነው። በየጊዜው የታየው ውጤት ተመሳሳይ ነበር፤ ማረሻው በሙከራ ጣቢያ በደንብ ያርሳል፣ ገበሬው ግን አይወስደውም። ምክንያቱም ክብደቱ፣ ዋጋው፣ መለዋወጫው፣ ለበሬዎቹም የሚጠይቀው ኀይል ነበር። ሦስቱ የአባታችን ጥያቄዎች ማለት ናቸው!

በአንጻሩ የእኛን ማረሻ እንመልከት። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉና ድግሩ እንጨት ናቸው። ብረቱ ማረሻውና ወገሉ ብቻ ነው፤ ማሰሪያውም የቆዳ ምራን ነው። እንጨቱን ገበሬው ራሱ ይጠርበዋል፣ ብረቱን የአካባቢው ቀጥቃጭ ይስለዋል። አንድ ሰው ብቻውን በትከሻው ተሸክሞት በሬዎቹን እየነዳ ዳገት ይወጣበታል። ድንጋይና ሥር ሲያጋጥመው ከፍ አድርጎ ያልፋል እንጂ አይሰበርም። እኛ ያየነው የማይሠራውን ብቻ ነበር፤ የሚሠራውን ማየት አልተማርንም ነበር።

ይህን ስንል ማረሻችን እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። መላልሶ ማረሱ በሬውንም ሰውንም ይጨርሳል፤ በተዳፋት ላይም አፈሩን ለጎርፍ ያጋልጣል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ተራ እስኪደርሰው ድረስ ወቅቱ ያልፍበታል። ይሻሻል መባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ማሻሻል ማለት ሥራውን ዐውቆ መጨመር እንጂ ሳያውቁ መጣል አይደለም።

ለዚህ ምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በገዛ ወረዳችን በእነዋሪ ዙሪያ አለ። የእኛ አገር መሬት ጥቁር መረሬ ነው። ዝናብ ሲበዛበት ውሃውን ቋጥሮ ይይዝና ስንዴውን ያበሰብሰዋል። ያገራችን ሰው ለዚህ ከጥንት መላ ነበረው፤ ከታረሰ በኋላ ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እያፈሱ ከፍ ያለ መደብና ውሃ መውረጃ ቦይ ይሠሩ ነበር። መደቡ እጅግ ደግ ነበር፤ ወገቡ ግን የሴቶችና የልጆች ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የከብት ሀብት ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንን አይተው ሁለት የአገር ማረሻዎችን ጎን ለጎን አጣምረው፣ አፈር የሚሰበስብ ክንፍ ጨምረውበት፣ በሬዎቹ መደቡን እንዲሠሩ አደረጉ። የመጀመሪያው ከብዶ ስለ ተገኘ በኋላ እንዲቀል አድርገው አሻሽለውታል። ልብ በሉ፤ መደቡን የፈለሰፈው ገበሬው ነው፣ ማረሻውም የገበሬው ነው። ተመራማሪዎቹ ያነሡት የሴቶቹንና የልጆቹን ጉብጠት ብቻ ነው። እኛ እንዲህ ያለውን ለውጥ አልፎ ሂያጅ ሳይሆን ዘመድ ብለን እንጠራዋለን።

እንግዲህ ይህን ያህል ካወቅን ዳግመኛ የምንሳሳት አይመስልም ነበር። ነገር ግን ዕውቀት በደብተር ሲሆን እንደ ተጻፈበት ይቀራል። በ2014 ዓ.ም ክረምት የሁለተኛ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ስንገባ ሌላ ነገር ይዘን ሄድን፤ ጤፍን በመሥመር መዝራት።

ነገሩ በወረቀት ላይ እጅግ ያምራል። የጤፍ ፍሬ ከሁሉ እህል ያነሰ ነው፤ አንድ ሺህ ፍሬ ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም። ገበሬው በብተና ሲዘራ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ይበትናል። ቡቃያው ስለሚተፋፈግ አገዳው ቀጥኖ ይጋሽባል። በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመሥመር ቢዘራ ግን ለሄክታር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል፤ አንዱ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አገዳውም ጠንክሮ ይቆማል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ መንግሥት ይህንን አሠራር በመላ አገሪቱ ሲያስፋፋ እኛ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በአገራችንም ጥቂት ሰዎች ሞክረው እንደ ተዉት እናስታውሳለን። የተዉትም ስለ ሰነፉ ይመስለን ነበር።

እኒሁ የወዳጃችን አባት በዚያ ዓመት የማዳበሪያ ዋጋ ንሮባቸው ተጨንቀው ነበር። ስለዚህ ዘርና ማዳበሪያ ይቆጥባል ስንላቸው እንደ ማረሻው ጊዜ አልመለሱንም። ጥቂት አስበው «እሺ፤ የተማራችሁት ለዚህ አይደል» አሉ። ውድ አንባቢ፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ይከብደናል። ቢከራከሩን ኖሮ በተሻለ ነበር።

ማሳቸው ሦስት ጥማድ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ዘር የሚገባበት ቀን ሲደርስ ከአንደኛው ጥማድ ጀመርን። ችካል ተክለን ገመድ ወጠርን፤ በገመዱ ልክ ቀጭን ትልም አወጣን። ጤፉ ከጣት ስለሚያመልጥ ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን፣ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን በምስማር ቀዳድተን፣ በዚያ እንደ ጨው እየነሰነስን ሄድን። እኛ ሦስታችን፣ አባትየው፣ እናትየው፣ ታናሽ ወንድማቸውና የስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን ለመጀመር የምትጠባበቅ ልጃቸው፣ በጠቅላላው ሰባት ሰዎች ሆነን ያንን አንድ ጥማድ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብን። ጎረቤታቸው በዚያው ጧት ከብቶቹን በማሳው ላይ አስረግጦ፣ ጤፉን በትኖ፣ ከረፋዱ በፊት ቤቱ ገብቶ ነበር። በአጠገባችን ሲያልፍ «አይዟችሁ፣ እናንተ ዘር አትዘሩም፣ ትጠልፋላችሁ እንጂ» ብሎ ሳቀብን። እኛም ከልባችን ናቅነው።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘነበ፤ የቀረው ሁለት ጥማድ ውሃ ቋጥሮ በሬ የማያስገባ ሆነ። የመጨረሻው እርሻ ደግሞ በወንፈል የሚታረስ ነበርና ዝናቡ ሲያባራ ተራው ወደ ሌላ ሰው አልፎ ነበር። የቀረው ማሳ የተዘራው ሌሎቹ ከዘሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። የመሥመሩ ነገር አቃጥሎን ስለ ነበር የተቀረውን በብተና ዘሩት፤ እኛም አልተቃወምንም።

በነሐሴ መጨረሻ ወደ ትምህርታችን ተመለስን። ጽሑፉን ለማጣፈጥ ስንል እዚህ ላይ ብንጨርስ ደስ ባለን፤ ነገር ግን የቀረውን ካልተናገርን ውሸታሞች እንሆናለን። በመሥመሮቹ መካከል የቀረው ባዶ ስፍራ ለጤፉ ብቻ ሳይሆን ለአረሙም ተመችቶት ነበር። እኛ ሦስቱ «የተማሩ እጆች» በሌለንበት አረሙን ያረሙት እናትየውና ልጅቷ ናቸው። በዚያም ምክንያት ልጅቷ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁለት ሳምንት ቀረች። የስምንተኛ ክፍል ደግሞ የክልል ፈተና የሚወሰድበት ዓመት ነው።

ጤፉ በታኅሣሥ ተወቃ። ሒሳቡን በስልክ የነገሩን አባትየው ናቸው፤ በድምፃቸው ውስጥ አንዳች ወቀሳ አልነበረም። በመሥመር የተዘራው ጥማድ 4 ኩንታል ተኩል ሰጠ። በዚያ ማሳ በደኅናው ዓመት ከአንድ ጥማድ የሚገኘው 3 ኩንታል ተኩል ነበርና አንድ ኩንታል ጨምሯል ማለት ነው። ዘግይተው የተዘሩት ሁለቱ ጥማዶች ግን ዝናቡ ቀደም ብሎ ስለ ወጣ ፍሬያቸው ሳይሞላ ቀርቶ ሁለቱ ተደምረው 4 ኩንታል ተኩል ብቻ ሰጡ። ከአንዱ ጥማድ አንድ ኩንታል አተረፍን፤ ከጠቅላላው ማሳ አንድ ኩንታል ተኩል አጎደልን። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ማን እንደ ተተረተ ዐወቅን።

ታዲያ በመሥመር መዝራት ሐሰት ነበር? አልነበረም። በዚያ አንድ ጥማድ ላይ መጽሐፉ የተናገረው ሁሉ ተፈጽሟል። በመላ አገሪቱ የተደረጉት ጥናቶችም ያሳዩት ይህንኑ የሚመስል ነው፤ በሙከራ ማሳ የታየው ጭማሪ በገበሬው ማሳ ላይ በዚያው ልክ አልተገኘም፣ የሚጠይቀው ጉልበት ግን ብዙ ሆነ። ብዙ ገበሬዎችም ወደ ብተና ተመለሱ። መጽሐፉ አንዱን ጥማድ ቈጥሯል። ሦስቱን ጥማድ፣ የዝናቡን ቀን፣ የወንፈሉን ተራና የልጅቷን ትምህርት ግን አልቈጠረም። ይህን መቍጠር የእኛ ፈንታ ነበር።

እዚህ ላይ ከጠረጴዛ መቺዎቹ ወገን «ስለዚህ ገበሬው ለውጥ አይወድም ማለት ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ማስረጃውም ከዚያው ከጤፉ ላይ ይገኛል። የጤፍ አበባ የሚከፈተው ማለዳ ለአጭር ጊዜ ነው። ይህ እስኪታወቅ ድረስ ሁለት የጤፍ ዓይነት ማዳቀል የማይቻል ይመስል ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ታረቀ በርሔ የሚባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባውን በትዕግሥት ተመልክተው ይህንን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ብዙ ምርት የሚሰጠው ዘርና ነጩ ማኛ ተዳቅለው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ተገኘ፤ በ1998 ዓ.ም ለገበሬ ተለቀቀ። ቁንጮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየማሳው ገባ። በሦስቱ ጥማድ ላይ የዘራነውም እሱ ነበር። እንግዲህ ያው ገበሬ፣ በዚያው ማሳ፣ አንዱን አዲስ ነገር በደስታ ሲቀበል ሌላውን ተወ። ልዩነቱ ምንድር ነው? ቁንጮ የገባው በነበረው እጅ፣ በነበረው ቀን፣ በነበረው አበታተን ነው። መሥመሩ ግን የሌለ እጅና የሌለ ቀን ጠየቀ።

ከዚህም ይበልጥ የሚያስረዳ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ወፍጮ ነው። ከሦስታችን ያንደኛችን አያት ዛሬም በሕይወት አሉ። በልጅነታቸው ሌሊት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው፣ በድንጋዩ ላይ ተደፍተው፣ በመጅ ሲፈጩ ያድሩ ነበር። የሞተር ወፍጮ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ «የሞተር ዱቄት ይሞቃል፣ እንጀራው ጣዕም የለውም፣ ያባቶቻችን ይሻላል» ብለው የተከራከሩ ነበሩ። አያታችን ይህንን ሲያወሩልን ይስቃሉ። «ማን ነበር እንዲህ ያለው?» ብለን ብንጠይቃቸው «ወንዶቹ ናቸዋ! የፈጨች ሴት አንዲትም አላለችም» አሉን። ሴቶቹ ጤፉን በጀርባቸው አዝለው ሁለት ሰዓት መንገድ ተጕዘው ወደ ሞተሩ ሄዱ፤ ወደ ድንጋዩም አልተመለሱም። ዛሬ ያ ድንጋይ በደጃቸው መቀመጫ ሆኗል።

ከአያታችን የተማርነው ይህ ነው። የአሮጌውን ነገር ጣዕም የሚያወድሰው ሰው ብዙ ጊዜ ሸክሙን የማይሸከመው ነው። የአዲሱን ነገር ጥቅም የሚያውጀውም ሰው፣ እንደ እኛ፣ ብዙ ጊዜ ሸክሙን የማይሸከመው ነው። ሁለቱ ወገኖች በማደሪያችን ሲከራከሩ ያመሻሉ እንጂ በእውነት ወንድማማቾች ናቸው።

ይህ ነገር ከማሳና ከወፍጮ አልፎ የአገር ጉዳይ የሆነበትም ጊዜ ነበር። ከላይ ያነሣነው የጭላሎው ድርጅት ለገበሬው ያቀረበው ማዳበሪያና የተሻሻለ የስንዴ ዘር ብዙ ምርት አስገኝቷል። ነገር ግን መሬቱ የባለርስት ነበር። እርሻው ትርፍ ማምጣቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስነሡ። ዘሩ ደግ ነበር፣ ትራክተሩም ደኅና ያርስ ነበር፤ የተነሣው ጭሰኛ ግን ከዚያ ደግነት አልበላም። ያው ትራክተር መሬቱ በእጁ ለሆነ ሰው በረከት፣ ለሌላው ስደት ሆነ። በዛሬው ጊዜ በአርሲና በባሌ ገበሬው ኮምባይነር ተከራይቶ ስንዴውን ሲያሳጭድ ማንም «ባህላችን ጠፋ» ሲል አንሰማም፤ መኪናውን የጠራው ራሱ ነውና።

በ1957 ዓ.ም ከእኛ በፊት የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ አደባባይ ወጥተዋል። ያን ጊዜም «የቆየውን ሥርዐት አትንኩ፣ እስከ ዛሬ አኑሮናል» የሚሉ ነበሩ። ማንን አኖረ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። ሥርዐቱ የሚሠራው ለተቀባዩ እንጂ እኩሌታውን ለሚከፍለው ጭሰኛ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጭሰኝነት ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እናወድሳለን ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ቀስ ብሎ ሊጠበቅ የማይገባው ለውጥም እንዳለ ለማሳየት ይህ ይበቃል። ማረሻውን መጠበቅና ጭሰኝነትን መጠበቅ በአንድ ቃል «ያባቶቻችን» ቢባሉም አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ሦስቱ ጥማድ እንመለስ። በተከታዩ ዓመት ክረምት ስንገባ አፍረን ስለ ነበር ስለ እርሻ አንድም ቃል ሳንናገር ለመክረም ተስማምተን ነበር። አባትየው ግን ራሳቸው ወደ ማሳው ወሰዱንና ያደረጉትን አሳዩን። መሥመሩን በትልቁ ማሳ ላይ ትተውታል። ከቤታቸው አጠገብ ባለች፣ ሁለት ሰው በአንድ ቀን ሊጨርሳት በሚችል ትንሽ መሬት ላይ ግን ለዘር የሚሆናቸውን ጤፍ በመሥመር ዘርተዋል። በትልቁ ማሳ ላይ ደግሞ በወቅቱ በትነዋል፤ ነገር ግን ፊት ለአንድ ጥማድ 10 ኪሎ ይበትኑ የነበረውን ወደ 5 ኪሎ አውርደውታል። «ያ መሥመር ሲበቅል አይቼ ነው» አሉን። «ጥቂት ዘር እንደሚበቃ አሳየኝ። ገመዱን እንጂ ትምህርቱን አልጣልኩም።»

እኛ በደብተራችን አዲሱን ነገር እንደ ታሸገ ጥቅል አድርገን ነበር የወሰድነው፤ ሙሉውን መቀበል ወይም ሙሉውን መመለስ። እሳቸው ጥቅሉን ፈቱት። ውስጡ ምን ምን እንዳለ ለያዩ፤ ከእጃቸው፣ ከወቅታቸውና ከቤተ ሰባቸው ጋር የሚስማማውን አስቀሩ፤ የማይስማማውን ያለ ቍጣ መለሱ። አሮጌውንም እንዲሁ ፈቱት፤ ብተናውን ይዘው ከመጠን በላይ መበተኑን ጣሉ። ለካስ ጥያቄው «አዲስ ወይስ አሮጌ» አይደለም ኖሯል። ይህንን የተረዳነው በዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምረን፣ በማሳ ላይ አንድ ኩንታል ተኩል ከከፈልን በኋላ ነው። የከፈልነውም እኛ አይደለንም።

ስለዚህ ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ነገ ተመርቀን በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስንሠማራ ሁላችንም በብብታችን አንድ አንድ ጥቅል ይዘን እንሄዳለን። ከመዘርጋታችን በፊት ሦስት ነገር ብንጠይቅ መልካም ይመስለናል። ፊተኛው፣ ልንጥለው ያሰብነው አሮጌ ነገር የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ዐውቀናልን? ሁለተኛው፣ አዲሱ ሲገባ ተጨማሪውን ድካም የሚደክም ማን ነው፣ አሮጌው ሲቀርስ ድካሙን እስከ ዛሬ ሲደክም የኖረ ማን ነው? ሦስተኛው፣ ነገሩ ቢበላሽ የሚጎዳው ሰው «እሺ» ያለው ወዶ ነው ወይስ እኛን አክብሮ? ለእነዚህ መልስ ሲገኝ የጥቅሉ ውል ራሱ ይፈታል። ከመልሱ በኋላ ለውጡ ደግ ሆኖ ከተገኘ ግን እንደ አያታችን ድንጋዩን ወደ ደጅ አውጥቶ መቀመጫ ማድረግ ነው፤ ዞር ብሎ ማየት አያስፈልግም።

ልጅቷ የክልል ፈተናዋን አልፋለች። ያለፈችው በእኛ ጥበብ ሳይሆን የቀረባትን ትምህርት ከጓደኛዋ ደብተር በኩራዝ እየገለበጠች ነው። ባለፈው ክረምት ስንገባ በር ላይ ተቀበለችንና ከመካከላችን ያንደኛችንን አዲስ ደብተር አየት አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ «ይኸኛውስ ስንት ሰው ይፈልጋል?» ብላ ጠየቀችን።

ጥያቄዋን በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፈነዋል።